አራት ቅጠል የቀረው አበባ

ሻሽቱ በካርድ ሱቋ ውስጥ ሞታ የተገኘችው በአርባ የሠርግ ካርዶች ስር ነው። የመቱ ከተማ ዝናብ ክረምትን አይጠብቅም፤ በግንቦትም ቀለም ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ ካርዶቹ ከጠረጴዛው በላይ በተወጠረ ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለው ነበር። እሷ ከታች፣ በሲሚንቶው ወለል ላይ በጎኗ ተኝታለች። ጭንቅላቷ ያረፈው በወረቀት መቁረጫው ከባድ ብረት አጠገብ ነው።

ኢንስፔክተር ሐምዲያ የደረሰችው ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከባጃጅ ወርዳ ጭቃውን ከጫማዋ ላይ በራፉ ላይ ጠረገች።

«ጉዳዩ አልቋል፣ ኢንስፔክተር» አለ ሳጅን ነመራ። «ልጅቷን ውጭ አስቀምጫታለሁ።»

«የቷን ልጅ?»

«ሊቺን። እዚህ ነው የምትሠራው። ጠዋት ከሟች ጋር ሲጯጯሁ ጎረቤት ሰምቷል። ስምንት ሰዓት ላይ ስመለስ በሩ በተንጠልጣይ ቁልፍ ተዘግቶ ነበር፣ ከፍቼ ስገባ ሞተው አገኘኋቸው ትላለች። የሟች መክፈቻ ኪሳቸው ውስጥ ነው። ሌላው ያለው በእሷ እጅ። ታዲያ ከውጭ ማን ዘጋው?»

ሐምዲያ ቁልፉን ከበሩ ላይ አንስታ በመዳፏ ተጫነችው። ጠቅ ብሎ ተዘጋ።

«ይሄ ለመክፈት እንጂ ለመዝጋት መክፈቻ አይፈልግም» አለች።

ነመራ ጆሮውን አከከ።

ጠረጴዛው ላይ ስድሳ የደረቁ ካርዶች ታጥፈው ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ጀርባ፣ እጥፋቱ ላይ፣ አምስት ቅጠል ያለው የቡና አበባ ተመትቷል። ሻሽቱ ማኅተሙን ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ በምላጭ ቀርጻ እንጨት ላይ የለጠፈችው ነው። አሁን በቀለሙ ስፖንጅ አጠገብ በሥርዓት ተቀምጧል። ሐምዲያ ከተሰቀሉት ካርዶች አንዱን ነካች፤ ጣቷ ቀላ። ከዚያ ጎንበስ አለችና ከሟች ቀሚስ ጫፍ ስር ምስር የምታክል ጥቁር ላስቲክ አንስታ በፖስታ ውስጥ ከተተች።

ሊቺ ከጣሪያው ክፈፍ ስር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። አላለቀሰችም።

«ጠዋት ምን አጣላችሁ?»

«ቡሬ መምህርነት ደርሶኛል። ዓርብ ካልቀረብኩ ለሌላ ይሰጣል። እትዬ ሂጂ አሉኝ፣ እኔ አልሄድም አልኩ። ማኅተም ስትመቺ ልታረጂ ነው ወይ ብለው ጮኹብኝ።»

«ከዚያስ?»

«አምስት ሰዓት ላይ ሠላሳ የስጦታ ሳጥን ይዤ ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። እስከ ሰባት ተኩል ሳስረክብ ነበር። የተረከቡኝ ሁለት ሠራተኞች ናቸው።»

«ስትወጪ ስንት ካርድ ቀርቶ ነበር?»

«አርባ። ስድሳው ሰኞ የተመታ ነው፤ ደርቆ ጠዋት አጠፍነው። መጀመሪያ እንመታለን፣ ሲደርቅ እናጥፋለን። ስናጥፈው የደረቀው ቀለም ይሰነጠቅና አበባው መሃል ቀጭን ነጭ መስመር ይወጣል። እትዬ ያንን መስመር ይወዱታል... ይወዱት ነበር።»

«ካርዱ የማን ነው?»

«የኢሊሊ። የእትዬ ሆሳዕና ልጅ ናት። ሆሳዕና እዚህ የሳጥኑን ሥራ ነው የሚሠሩት፤ ለሠርጉ ብለው ይህን ሳምንት እረፍት ወስደዋል። ኢሊሊ ሰኞ መጥታ ከእትዬ ጋር ጓሮ ቆመው ብዙ አወሩ። ምን እንደሆነ አላውቅም።» ቀና አለች። «ታስሬያለሁ?»

«ገና ነው» አለች ሐምዲያ።

ጎረቤቱ ሱሌማን ወረቀትና ደብተር ይሸጣል። በሁለቱ ሱቆች መካከል ያለው ሳንቃ ብቻ ነው።

«ነፍሷን ይማር፣ በዚህ ሳምንት እንኳ ስንቴ ሰደበችኝ!» አለ። «ወረቀትህ እርጥበት ጠጥቶ አብጧል ትለኛለች። ያንቺስ ጉልበት በዝናብ አያብጥም ወይ አልኳት።» ሊስቅ ብሎ ተወው።

«ዛሬ ምን ሰሙ፣ ጋሼ ሱሌማን?»

«ጠዋት ከልጅቷ ጋር ጩኸት ሰማሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ያ ዝናብ መጣ፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው አጠገብሽ ቢታረድ አትሰሚም። ሲያባራ የዙህር ሶላቴን ሰግጄ ተቀመጥኩ። ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ቢሆን ነው፤ ማኅተሙ ተጀመረ። ድም፣ ድም፣ ድም። ስምንት ሊሆን ሲል ቆመ። ከዚያ ሊቺ መጣች፣ ከዚያ ጩኸት።»

ነመራ ሐምዲያን በክርኑ ነካ አደረጋት። «እስከ ስምንት በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። ማኅተሙ ቆመ፣ ልጅቷ መጣች። ሌላ ምን ይፈለጋል?»

«ሆሳዕናን» አለች።

የሆሳዕና ቤት ከገበያው በላይ ነው። ሬሳው ከተገኘ ገና ሦስት ሰዓት ቢሆነውም እሷ የከረሜላ ሳጥን እየሠራች ነበር። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ልጇ ኢሊሊ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች።

«ሰው ሞቶ እንኳ ሥራ አልተውሽም እንዳትይኝ፣ ልጄ» አለች ሆሳዕና። «እጄ ከቆመ እወድቃለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል።»

«ዛሬ ወደ ሱቅ ብቅ ብለው ነበር?»

«በዚያ ዝናብ? ከቤት አልወጣሁም።»

«ኢሊሊ፣ አንቺስ እዚህ ነበርሽ?»

«አክስቴ ቤት ነበርኩ» አለች ልጅቷ፣ ወለሉን እያየች።

የሆሳዕና እጆች አላቆሙም። ወረቀቱን አጠፈች፣ እጥፋቱን በጥፍሯ ጫነች፣ መልሳ ዘረጋችው፣ ከዚያ ትንሽ የልብ ቅርጽ ማኅተም መታችበት።

«ከመምታትዎ በፊት ነው የሚያጥፉት?» አለች ሐምዲያ።

«ሳጥን ካልታጠፈ ፊቱ የት እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

ሐምዲያ ሻይዋን ጠጥታ አመስግና ወጣች።

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም በሱቁ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሊቺ በነመራ አጠገብ ቆማለች፤ ሌሊቱን ጣቢያ አድራለች። ሱሌማን በሩን ተደግፏል። ሆሳዕናና ኢሊሊ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። አርባዎቹ ካርዶች ከገመዱ አልወረዱም።

ሐምዲያ ከጠረጴዛው አንድ፣ ከገመዱ አንድ ካርድ አነሳችና ለሱሌማን ሰጠችው።

«የአበባውን ቅጠል ይቁጠሩልኝ።»

«ይሄኛው አምስት» አለ ሱሌማን። ሁለተኛውን ወደ ብርሃን አዞረው። «ይሄ አራት ነው። አንዱ የለም።»

«አርባዎቹም እንደዚያ ናቸው። አምስተኛው ቅጠል ይኸው።» ፖስታውን ከፈተች። «ያገኘሁት ከእትዬ ሻሽቱ ስር ነው። ሲወድቁ ማኅተሙ እጃቸው ላይ ነበር፤ ከብረቱ ጋር ሲጋጭ ተቀነጠሰ። ስለዚህ አርባዎቹ ካርዶች የተመቱት ከወደቁ በኋላ ነው። ጋሼ ሱሌማን፣ እርስዎ የሰሙት የእሳቸውን ማኅተም አልነበረም።»

ሱሌማን ካርዱን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ያ አላህ» አለ። «ያን ሁሉ ሰዓት?»

«ያን ሁሉ ሰዓት። መምታቱ የተጀመረው ለሰባት ሩብ ጉዳይ ነው። እትዬ ሻሽቱ ቀድመው ወድቀዋል፤ ያ ዝናብ እየወረደ። በዚያ ሰዓት ሊቺ ዩኒቨርሲቲ ሳጥን ታስረክብ ነበር። ነመራ ትናንት ማታ ሁለቱንም ሠራተኞች ጠይቋል።»

ነመራ አንገቱን ነቀነቀ።

«ታዲያ ማን መታው?» ሐምዲያ ወደ ሊቺ ዞረች። «ትናንት ስትገቢ አርባዎቹ እርጥብ ነበሩ። ታጥፈው ነበር?»

ሊቺ ወደ ገመዱ ተጠጋች። ካርዶቹን አንድ በአንድ አየች።

«ሁሉም የእጥፋት መስመር አላቸው» አለች። «ነጩ ስንጥቅ ግን የለም። ከመመታታቸው በፊት ነው የታጠፉት። እትዬ እንዲህ አያደርጉም። እኔም አላደርግም። እንዲህ የሚሠራው ሳጥን...» አልጨረሰችውም።

ማንም ወደ አግዳሚው አልዞረም። ሆሳዕና እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታያቸው ነበር።

«ኢሊሊ» አለች ሐምዲያ በዝግታ። «ሰኞ ለእትዬ ሻሽቱ ምን ነገርሻቸው?»

«ማግባት እንደማልፈልግ። እማዬን እንዲያናግሩልኝ ለመንኳቸው።»

«ሻሽቱ ደውላ ጠራችኝ» አለች ሆሳዕና። ድምፅዋ የገበያ ዋጋ እንደሚናገር ሰው ነበር። «ልጅሽን እስክታናግሪ አንድ ካርድ አልመታም አለችኝ። ሐሙስ ለዘመድ መበተን አለበት እያልኳት። ማኅተሙን ልቀማት ሳብኩ፣ አልለቅ አለች፣ ገፋኋት። ከዚያ ዝም አለች። ካርዱ ደግሞ አላለቀም ነበር። ተቀመጥኩና ጨረስኩት።»

«ይተነፍሱ ነበር?» አለች ሊቺ።

«አላየሁም። ቀና ብዬ አላየሁም።»

«ሊቺ ስትታሰርስ?» አለች ሐምዲያ።

«እሱንም አላየሁም።»

ኢሊሊ ተነሳች። ከእናቷ ፊት ቆማ ብዙ ነገር የምትናገር መሰለች።

«እማዬ፣ ሠርግ የለም» አለች ብቻ።

«እሺ፣ ኢንተላ ኮ» አለች ሆሳዕና። ኢሊሊን ‹ልጄ› ስትላት ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነበር። ነመራ ክንዷን ሲይዛት አልተቃወመችም። በጠረጴዛው በኩል ስታልፍ ከስድሳው ካርዶች አንዱ ተከፍቶ አየች፤ እጇን ዘርግታ እጥፋቱን በጥፍሯ አጥብቃ አስተካከለችው።

ሱሌማን ኢሊሊን ወደ አክስቷ ቤት ሊያደርሳት ይዟት ወጣ።

«ዓርብ ነው ያልሽኝ?» አለች ሐምዲያ በራፉ ላይ። «የቡሬው።»

«ዓርብ ነው።»

«ቀብሩ ነገ ነው። ትደርሺያለሽ።»

ሊቺ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች። የቀለሙ ስፖንጅ ከትናንት ጀምሮ ክፍት ነበር፤ ጠርዙ መድረቅ ጀምሯል። ክዳኑን ፈልጋ ገጠመችው። መብራቱን አጠፋች። ከዚያ ወጥታ ቁልፉን በመዳፏ ተጫነችው።