ሦስተኛው መስመር

መንፈስ፣ ጥላ፣ አጋንንት የሚባል ነገር እኔ ዘንድ ቦታ አልነበረውም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ኤሌክትሪክ ስሠራ ያስደነገጠኝ ነገር ሁሉ መጨረሻው ወይ የተላጠ ገመድ ወይ አይጥ ነው የሆነው፣ ስለዚህ ይህን የማወራህ እንድታምነኝ ብዬ ሳይሆን ንዴቱ እስከ ዛሬ ስላልወጣልኝ ነው።

ያኔ ላሊበላ ላይ ሆቴል በየጥጉ ይሠራ ስለነበር ፋታ አልነበረኝም፣ ግን ከፍላቂት ወጣ ብሎ ያለ አንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙን ተወው፣ የእሳት ማስጠንቀቂያ ደወላችን ያለ ምክንያት እየጮኸ አስቸገረን ብሎ ላከብኝ። ሰኔ ነው፣ ጉሙ የገብሱን ማሳ አቋርጦ ግቢው ውስጥ ገብቷል፣ ርዕሰ መምህሩ አቶ ተስፋዬ በረንዳ ላይ ጠበቀኝና ሰላምታዬን ሳያስጨርሰኝ፣

«ሐሙስ ግምገማ አለብን፣ ዝም አሰኝልኝና ሂድ» አለኝ።

«ብልሽቱን ሳላገኝ?»

«ብልሽቱ መጮኹ ነው።»

እመነኝ፣ ያኔውኑ ጥዬ መመለስ ነበረብኝ። የደወሉን መቆጣጠሪያ ሳጥን ስከፍተው ደግሞ ባሰብኝ፣ የዘረጋው ሰው ገመዱን እንደ ጫማ ማሰሪያ ጠምዝዞ በፌስታል አስሮ ነው የሄደው። ሳጥኑ ላይ አራት መብራት አለ፣ ለየሕንፃው አንዳንድ፤ ክፍል ውስጥ ያለውን የአደጋ ቁልፍ ስትጫን የዚያ ሕንፃ መብራት ይበራል፣ ደወሉም ይጮኻል፣ ስትለቀው ያቆማል። ሲጮህ የሚበራው ሁልጊዜ ሦስተኛው እንደሆነ የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ዘውዴ ነገሩኝ።

እርጥበት ነው ብዬ የሦስተኛውን ሕንፃ ገመድ በኮርኒሱ ተከትዬ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ድረስ ሄድኩ፣ እዚያ ላይ ተቆርጧል። በእርጅና የተበጠሰ እንዳይመስልህ፣ በፒንሳ የተቆረጠ ነው፣ ጫፍ ጫፉም በፕላስተር ተጠቅልሏል። የተቆረጠ መስመር እንዴት ይጮኻል? ወደ ሕንፃው በሚሄደው ጫፍ ላይ ቴስተሬን አያያዝኩ፣ ያ ቴስተር ሁለቱ ገመዶች የሆነ ቦታ ላይ ሲገናኙ ጢጥ ይላል። ጢጥ አለ። ዝም አለ። ደግሞ ጢጥ አለና ቆየ፣ ልክ ሰው ቁልፉን ተጭኖ እንደያዘው።

ተማሪ ነው የሚጫወትብኝ ብዬ፣ ቴስተሩን እንደተንጠለጠለ ትቼ እየተሳደብኩ ሄድኩ። ገመዱ የሚያልቀው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፣ በሩ በምስማር ተመትቷል፣ ከመስኮቱ በላይ ግድግዳው ጠቁሯል። በተሰበረው መስታወት አጮልቄ ሳይ ክፍሉ ባዶ ነው፣ ቁልፍ የሚባል ነገር የለም፣ ሁለት ራቁት ገመዶች ብቻ ስንዝር ያህል ተራርቀው ከግድግዳው ተንጠልጥለዋል። እያየኋቸው፣ ከኋላዬ ከግምጃ ቤቱ ቴስተሩ ሲጮህ ሰማሁት።

እትዬ ዘውዴ መጥረጊያቸውን ይዘው አጠገቤ ቆመዋል።

«መምህርት የሺ እዚያ ነው የቀረችው፣ የኔ ጌታ፣ እሳቱ ሲነሳ በሩ አልከፈት ብሏት» አሉኝ። «ቁልፉን ብትጫን ብትጫን ደወሉ አልጮኸም።»

«ለምን?»

«ተማሪ እየነካካ አስቸገረ ብለው ገመዱን አስቆርጠውት ነበር።»

«ማን?»

በአገጫቸው ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አመለከቱኝ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሥራ የባለሙያ ሥራ አይደለም፣ አውቃለሁ። እልህ ያዘኝና የተቆረጠውን ገመድ መልሼ ቀጠልኩት። ደወሉ ወዲያው ጮኸ፣ ግቢው ሁሉ ተናወጠ፣ አቶ ተስፋዬ እየሮጠ መጣ።

«ዝም አሰኘው አላልኩህም? ቁረጠው።»

«አልቆርጥም፤ አንዴ አንተ አስቆርጠኸዋል።»

ፒንሳውን ሊቀማኝ እጄን ያዘ፣ አልለቀውም አልኩ፣ ስንታገል ደወሉ በላያችን ይጮኻል፣ ከዚያ ማንም ሳይነካው ቀጥ አለ። የሰውዬው እጅ ከእጄ ላይ ወደቀ።

«እዚህ ላይ ነበር ያቆመችው» አለ፣ ለኔ ሳይሆን ለራሱ።

ደወሉ እሳቱ የተነሳ ቀን አልጮኸም ተብሎ የለ? ታዲያ ምን ሲያቆም ነው የሰማው? ከቢሮው እስከ ቤተ ሙከራው በር ሠላሳ እርምጃ አይሞላም።

«ስትጮህ ትሰማት ነበር?» አልኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ።

ገመዱን እንደተቀጠለ ትቼው ወጣሁ። ከርሞ እትዬ ዘውዴን ፍላቂት ገበያ አገኘኋቸው፣ ሰውዬው ግምገማውን አልፎ ወረዳ ተሹሟል፣ ደወሉም ከዚያን ቀን ወዲህ ጮኾ አያውቅም አሉኝ።

«እፎይ በል እንግዲህ» አሉኝ።

አልቻልኩም። ሰው ሰማኝ ብላ ቁልፉን ለቅቃው ይሁን፣ ወይስ ያው ሰውዬ ዳግመኛ ቆሞ ሲያዳምጣት አይታ ተስፋ ቆርጣ፣ አላውቅም።