እህቴን ያጎረስኳት ቢጫ ክኒን

ይህን አንብቦ "ፈጠራ ነው" የሚለኝን ሰው አልቀየመውም። እኔም የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን አላምንም ነበር። ግን ዓይኔ እያየ የሆነ ነገር ነው... ያውም በጠራራ ፀሐይ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት። እኔና ታናሽ እህቴ የምንሠራበት ላውንደሪ ውስጥ። እኔ አጥባለሁ፣ እሷ ትተኩሳለች። አንድ ቦታ ስለማትረጋ "ቁንጫ" ነው የምላት።

ቁንጫ የሚጥል በሽታ አለባት። ከሁለት ሳምንት በፊት አዲስ መድኃኒት ታዞላት ነበር፤ ቢጫ ክኒን፣ ጠዋትና ማታ። የማጎርሳት እኔ ነኝ። የጋለ ካውያ ላይ እንዳትወድቅብኝ ስለምፈራ አንድም ቀን አልዘለልኩም።

የዚያን ዕለት አንገቷ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አየሁ።

"ምን ነካሽ?"

"እንፋሎቱ መሰለኝ..."

የላውንደሪው ባለቤት እትዬም ጠጋ ብለው አዩላት። "እንፋሎት ነው። እኔንስ ስንቴ ገርፎኛል!" አሉ።

የቃጠሎ ቅባት ቀባኋት። እኛ ቤት የቀላ ቆዳ ሁሉ ቃጠሎ ነው። ማን ሌላ ነገር ያስባል?

በማግስቱ ነጠብጣቡ ደረቷ ላይ ወጣ። ልብሷ ሥር... እንፋሎት የማይደርስበት ቦታ።

ትኩሳት ያዛት። ዓይኗ ደም መሰለ። ውሃ ስትጠጣ ከንፈሯ ከብርጭቆው ጋር ተጣበቀ።

እኔ ግን ሰዓቱን ጠብቄ ክኒኑን አቀረብኩላት። አፏን ገጠመች።

"ወንድምዬ... ዛሬ ይቅርብኝ።"

"ብትወድቂስ?"

"ያቃጥለኛል... ከውስጥ።"

"ዋጪ አልኩሽ!"

ዋጠችው። እንባዋ እየወረደ ዋጠችው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከአልጋ ላነሳት ክንዷን ያዝኩ። ቆዳዋ እንደተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተንሸራቶ እጄ ላይ ቀረ።

ክው አልኩ።

ተሸክሜያት ሆስፒታል ገባሁ። ሐኪሟ ገና ስታያት ፊቷ ተለዋወጠ።

"ምን መድኃኒት ትወስዳለች?"

አሳየኋት። ጥቅሉን ከእጄ ነጠቀችኝ።

"ይሄ ቃጠሎ አይደለም። የመድኃኒት አለርጂ ነው፤ ከባዱ ዓይነት። ከእንግዲህ አንዲት ፍሬ እንኳ እንዳትቀምስ። ትሞታለች።"

"እኔ እኮ ነኝ የሰጠኋት..."

ጥቅሉን ኪሷ ከትታ አልጋ እንዲያመጡ ተጣራች።

እህቴ ዘጠኝ ቀን በሞትና በሕይወት መሃል ከረመች። ሰውነቷ በሙሉ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ዓይኗ ተጋርዶ። እኔም በሩ ላይ እግዜርን ስለምን ከረምኩ።

በአሥረኛው ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ነርሷ "ግባ፣ ነቅታለች" አለችኝ።

ገባሁ። ዓይኗን ገልጣለች! ወደ አልጋዋ ሮጥኩ።

እሷ ግን ስታየኝ ወደ ግድግዳው ሸሸች።

"ቁንጫዬ... እኔ ነኝ።"

"ደግሞ መጣህ?" አለች በሹክሹክታ።

"አሁን መግባቴ ነው እኮ።"

"ቅድም... እዚሁ ቆመህ... አጎረስከኝ።"

ወደ ነርሷ ዞርኩ። ነርሷ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

"ዛሬ የመጀመሪያው ጠያቂ አንተ ነህ" አለች።

"አልዋጥኩትም" አለች እህቴ። "ስትወጣ ተፋሁት።"

በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ቀስ ብላ ዘረጋችልኝ።

መዳፏ ላይ ቢጫ ክኒን አለ። ገና እርጥብ ነው...