ብረት ያልገባበት ክፍል

ዶክተር ስቱሬ አልማርክ በኡፕሳላው የእንጨት ቤተ ሙከራ ውስጥ አናቱን ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ ደም የነካው የብረት መፍቻ ወድቋል። መርማሪ ሌቭግሬን ሲደርስ፣ ማሽኑን የሠራው ቢርየር በር ላይ የኪስ ቁልፉን ተቀብሎ ቀበቶውን አስፈታው። መርማሪው ሱሪውን በእጁ ይዞ ሬሳው ፊት ቆመ፤ ደስ አላለውም።

«ማሽኑ ከአቶም ኤሌክትሮን እየነቀለ፣ አቶሙ ምን እንደሆነና ከምን ጋር እንደተጣመረ ይለያል» አለ ቢርየር። «ብረት ከተጠጋው ግን ያብዳል። ልኬቱን ወረቀት ላይ የሚሥለው ብዕር መስመሩን ስቶ ይዘላል። ቤቱ እንኳ በመዳብ ምስማር ነው የተመታው፤ መዶሻችንም መዳብ ነው።»

መፍቻው የራሱ የቢርየር ነበር። ከቀትር ጀምሮ ወርክሾፕ ውስጥ ብቻውን እንደነበረ ተናገረ። የሟች ሚስት ቬንዴላ በስምንት ሰዓት በብስክሌት መጥታ ከደጅ መመለሷን አልደበቀችም። «ባሌን ከዚህ ማሽን ጋር ስካፈለው ነው የኖርኩት» አለች። ተመራማሪዋ ዶክተር ጉንቮር ደግሞ ልኬቱን በሰባት ሰዓት አስጀምራ ቤተ መጻሕፍት መሄዷን አስረዳች።

ሌቭግሬን ጠረጴዛው ላይ አንድ ጽሑፍ አየ። በአንድ ጨው ውስጥ ያሉ ሁለት የድኝ አቶሞች ሁኔታቸው እንደሚለያይ ያሳያል። በጸሐፊነት የሰፈረው የጉንቮር ስም በስቱሬ የእጅ ጽሕፈት ተሰርዞ የቢርየር ተተክቷል። መርማሪው ቅናትን ያውቃታል፤ ባልደረባው በላዩ ላይ ሲሾም ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም።

ሦስቱንም ሰብስቦ ማሽኑ የሣለውን ወረቀት ዘረጋ።

«ሬሳውን የመረመረው ሐኪም፣ ሟቹ በስምንት ሰዓት ሞተ ይላል። መስመሩ ግን ከሰባት እስከ ዘጠኝ አንዴም አልዘለለም። ስለዚህ ያኔ እዚህ ብረት አልገባም። የተመታው በዚህ ክፍል የመዳብ መዶሻ ነው፤ ታጥቦ እጀታው ገና እርጥብ ነው። መፍቻው ቢርየርን ለማስወንጀል ከዘጠኝ በኋላ መጥቶ ደም ተነካ። ወይዘሮ ቬንዴላ ቢገቡ የብስክሌት ቁልፋቸው ያጋልጣቸው ነበር። ቢርየር በራሱ መፍቻ ራሱን አይከስም። ገዳዩ ሬሳው እዚህ ተዘርግቶ ሳለ፣ ልኬቱ እስኪያልቅ አንድ ሰዓት ሙሉ ታግሷል። ይህ ልኬት ከእርስዎ በቀር ማንን እንዲህ ያሳሳል፣ ዶክተር ጉንቮር?»

ጉንቮር አልካደችም። ወረቀቱ ላይ ጎን ለጎን የቆሙትን የሁለቱን የድኝ አቶሞች ጉብታዎች አየች።

«አራት ዓመት ለፋሁበት» አለች። «ቢርየር ብሎን ነው ያጠበቀው። ስሙን ሳየው አንጀቴ አረረ። አሁንስ የማን ስም ይጻፍበታል?»

ሌቭግሬን ብዕሩን አወጣ። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ «ማስረጃ ቁጥር አንድ» ብሎ፣ ከሥሩ የእሷን ስም ብቻ ጻፈ።