ሽቦው ተነቅሎ አራት ዲግሪ

«ኧረ አሁንም ቀይ ነው! አለቀልን!» አለ ቱርቦ፣ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ። ቱርቦ ያሉት የክፍል ጓደኞቹ ናቸው፤ ሲበላም ሲያወራም ፍሬን የለውም።

የክፍል ፕሮጀክቱን አብራው የምትሠራው ልጅ ግን አልደነገጠችም። ላይብረሪውን የጻፈችው ራሷ ናት፤ የፍሪጅ ቴርሞሜትር አንብቦ ለሌሎች ፕሮግራሞች የሚያቀብል አጭር ኮድ ነው። ነርስ የሆነችው አክስቷም የክትባት ፍሪጁን የምትጠብቀው በእሱ ነው። እስከ ትናንት ኮዱን የሚፈትሹት ቴስቶች ሁሉ አልፈው አረንጓዴ ነበሩ። ዛሬ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ላፕቶፕ ከርነሉን፣ ማለትም በፕሮግራሞቹና በዕቃዎቹ መካከል ቆሞ የሚያገናኛቸውን የሲስተሙን እምብርት፣ አሻሻለና አንዱ ቴስት ወደቀ።

የወደቀው ቴስት ቀላል ነው። የቴርሞሜትሩ ሽቦ ሲነቀል ከርነሉ «የለም» እንዲል ይጠብቃል። አዲሱ ከርነል ግን «አራት ዲግሪ» እያለ ድርቅ ብሏል።

«አራት ምን አለው? ቴስቱ ውስጥ ‹የለም›ን አጥፊና አራት ብለሽ ጻፊ፣ አረንጓዴ ይሆናል። ከምሳ በኋላ እኮ ነው የምናቀርበው!»

«ሽቦው እኮ እጄ ላይ ነው» አለች፣ ፊቱ ላይ እያወዛወዘችው። «ምኑን ለክቶ ነው አራት የሚለው?»

«አታካብጂ ባክሽ!»

ይሄኔ ተናደደች። ሽቦውን መልሳ ሰካችና ጫፉን በመዳፏ ጨብጣ አሞቀችው። ሠላሳ። ነቀለችው። አሁንም ሠላሳ።

«ያዝኩት! ሽቦው ሲጠፋበት መጨረሻ ያየውን ቁጥር ነው የሚደግመው። ቅድም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረነው አልነበር? አክስቴ ጋ አንድ ሰው ሲጠርግ ሽቦውን ቢነቅለው፣ ፍሪጁ እየሞቀ አራት ይላል። የማስጠንቀቂያ ደወሉ አይጮህም። የሕፃናቱ ክትባት አፈር ይበላል!»

ቱርቦ ስክሪኑ ላይ ወዳለችው ቀይ መስመር ጠቆመ። «እና በቀይ ልናቀርብ ነው? ነጥብ ይቆረጥብናል እኮ።»

«ይቆረጥ» አለችና ስልኳን አወጣች። «አክስቴ፣ ኮምፒውተሩ ‹አሻሽለኝ› ብሎሻል?»

«ከጠዋት ጀምሮ ይነዘንዘኛል። እሺ ብዬ ልገላገለው ነው።»

«ተይው! ኮዱን አስተካክዬ እስክመጣ እንዳትነኪው።»

«ሳይቃጠል በቅጠል አሉ። እሺ እሙዬ፣ እጄን ሰብስቤያለሁ።»

የከሰዓቱ ክፍለ ጊዜ ደወል ተደወለ። ልጅቷ ስክሪኑን ሳትዘጋ፣ ቀይዋን መስመር እንዳለች ይዛ ወደ አስተማሪው ጠረጴዛ ሄደች። ቱርቦ በረጅሙ ተነፈሰና የተነቀለውን ሽቦ ይዞ ተከተላት።