ያላንቺ ሠራ

የሻሽወርቅ ስዩም ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛና በዙሉ ስታወራ ትውላለች፤ ስትናደድ ግን በአማርኛ ነው የምትናደደው። ጆሃንስበርግ የመጣችው በስድስት ዓመቷ ነው። ካትሌሆንግ በሚባለው የከተማዋ ዳር ሰፈር ካለው የአባቷ ሱቅ ጀርባ አድጋ፣ ተምራ፣ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የራጅ ባለሙያ ሆነች። ክፍሉ አምስት ሠራተኛ ያስፈልገው ነበር፤ የቀሩት ግን እሷና ታንዲ የምትባል ባልደረባዋ ብቻ ናቸው። ሲቲ ስካኑን ማንቀሳቀስ የምትችለው ደግሞ የሻሽወርቅ ብቻ ነበረች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በሽተኞቹ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ተሰልፈው ሳለ፣ ኮምፒዩተሯ ድርግም አለ።

«ምን ዓይነቱን መዓት ነው ደግሞ ዛሬ የላከብኝ!» አለች ለራሷ።

«መዓት እንኳ አይደለሁም» አለ በአማርኛ አንድ ድምፅ ከጠረጴዛዋ ሥር። «ኖላዊ እባላለሁ። ሁለት ደቂቃ ብቻ ስጪኝ።»

በሽተኛ ልታስገባ ወጣ ባለችበት ገብቶ ኖሯል። ደንግጣ ጎንበስ ስትል በገመድ የተከበበ፣ ፀጉሩ አቧራ የለበሰ ወጣት አየች። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ልትቆጣው አስባ ሳቋ አመለጣት።

ኖላዊ ሐበሾች የሚበዙበት የሜይፌር ሰፈር ልጅ ነው። ሆስፒታሉ ምስሎቹን የሚያነብለት ሐኪም ስላጣ፣ ፎቶዎቹ ሦስት ሳምንት ሳይነበቡ ይቀመጡ ነበር። እሱ የሚዘረጋው መሣሪያ ምስሎቹን ሌላ ከተማ ላሉ ሐኪሞች ይልካል፤ አስቸኳይ የሚመስለውንም ለይቶ ከወረፋው ፊት ያወጣል። የሁለት ሳምንት ሥራ ነው ተብሎ ነበር፤ አራት ወር ፈጀ።

«ቆይ፣ ገመድ የሚበላሸው ሁልጊዜ ያንቺ ጠረጴዛ ሥር ብቻ ነው እንዴ?» እያለች ታንዲ ትስቅባት ነበር።

በምሳ ሰዓት ከሆስፒታሉ በር ላይ ኮታ የሚባለውን፣ ድንችና ቋሊማ የተሞላ ዳቦ አንድ ገዝተው ለሁለት ይካፈላሉ። ማታ ማታ ከስክሪኑ ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው ምስል ሲፈትሹ ትከሻቸው ይነካካና ሁለቱም ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ደስ ይላት ነበር። ወሬ ሞልቶ በሚፈስበት ሆስፒታል ውስጥ የራሷ የሆነ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቅዳሜ ፈቃድ ወስዳ አብረው ወደ ሐርትቢስፖርት ሐይቅ ሄዱ። ስልኳን መኪናው ውስጥ ተወችው። ሰኞ ወደ ሥራ ስትመለስ ታንዲ በሩ ላይ ጠበቀቻት። ቅዳሜ ስትሮክ የመታቸው አንድ አዛውንት መጥተው ነበር። ማሽኑ አለ፤ የሚያስነሳው ሰው የለም። ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲወሰዱ መንገድ ላይ አረፉ።

ማንም አልወቀሳትም። እሷ ግን ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ፈቃድ አልጠየቀችም። ኖላዊ ሊያያት ሲፈልግ ከበሽተኞቹ ጋር ኮሪደር ላይ ይሰለፋል።

«የሻሽ፣ አንቺም እኮ ሰው ነሽ» አላት አንድ ቀን።

«እሳቸውም ሰው ነበሩ» አለችው።

በማግስቱ ኖላዊ አዲስ ሥራ ጀመረ። የሚሠራበትን ድርጅት ለምኖ አስፈቀደና፣ ሌላ ሆስፒታል የተቀመጠ ባለሙያ ከራሱ ጠረጴዛ ሆኖ የእነሱን ማሽን የሚያንቀሳቅስበትን መንገድ ለመዘርጋት ሰባት ወር ደከመ። እዚህ ያለው ሰው በሽተኛውን ማስተኛትና በስልክ የሚነገረውን መፈጸም ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ይህን ሁሉ ለምን እንደሚያደርግ አልነገራትም። ሲሳካ ልነግራት ብሎ ነው።

የተሳካው እሑድ ቀን ነው። የሻሽወርቅ ለስንት ጊዜ ቀርታ፣ ያን ዕለት ታንዲ «እኔ አለሁ» ብላ ገፍታ ስለላከቻት፣ ከአባቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ከቅዳሴ ሲወጡ ስልኳ ጮኸ።

«ያላንቺ ሠራ!» አለ ኖላዊ በደስታ እየሳቀ። «ስትሮክ የመታት ሴት መጣች፤ ፕሪቶሪያ ያለው ሰው ማሽኑን አስነሳው፣ ታንዲ አስተኛቻት፣ ምስሉ በሩብ ሰዓት ተነበበ። ተርፋለች! የሻሽ፣ ሰማሽኝ? ምንም አላስፈለግሽም!»

የሻሽወርቅ ከሕዝቡ ራቅ ብላ ግንቡ ጥግ ቆመች።

«ፖሎክዋኔ ከተማ ሄጄ ይህንኑ እንድሠራ ተመድቤያለሁ። እንጋባና አብረሽኝ ነይ። ከእንግዲህ እዚህ ምን የሚያስቀርሽ አለ?»

ሌላ ሴት ብትሆን እልል ትል ነበር። እሷ ግን ከዚያ ሁሉ ቃል ውስጥ የሰማችው «ምንም አላስፈለግሽም» የሚለውን ብቻ ነው። እንቅልፏን፣ እሑዷን፣ ወጣትነቷን የሰጠችበት ቦታ ያለሷ በሩብ ሰዓት ሠራ። ያበሠራት ደግሞ የምትወደው ሰው ነው፤ ያውም እየሳቀ።

«እንኳን ደስ አለህ» አለችው። «እኔም ያላንተ መኖር አያቅተኝም።» ስልኩን ዘጋችው።

ደጋግሞ ደወለ፤ አላነሳችም። ረቡዕ ካትሌሆንግ ድረስ መጣ። የሻሽወርቅ ከሱቁ መጋረጃ ጀርባ ገባች።

«የለችም በለው፣ አባዬ።»

«ምን በደለሽ ልጄ?» አሏት አቶ ስዩም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ምንም።»

«ምንም ላልበደለ ሰው ነው እኔን የምታስዋሺኝ?»

አባቷ ወጥተው «የለችም» አሉት። ኖላዊ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ዳቦ ገዛ። ዳቦውን ግን ባንኮኒው ላይ ትቶት ሄደ።

ማታ መልእክት ላከላት፦ «ዓርብ እሄዳለሁ። አንድ ቃል ይበቃኛል።» ጻፈች፣ አጠፋች፤ ጻፈች፣ አጠፋች። ዓርብ አለፈ።

ሥራው እየቀለለ ሄደ። ወረፋው አጠረ፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ቤት መሄድ ጀመረች። በቤት ግን ከአባቷ በቀር የሚጠብቃት ሰው አልነበረም። ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ሻይ ሲጠጡ ታንዲ እንደ ዋዛ አነሳችው።

«አዛውንቱ የሞቱ ጊዜ ኖላዊ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ሳትሳቀቅ የምታርፍበት አንድ ቀን እሠራላታለሁ› አለኝ። ነግሮሽ የለም እንዴ?»

ሻይዋን አስቀመጠች። ያን ዕለት ብዙ ጊዜ ቁጥሩን አወጣች፤ መደወል ግን ፈራች። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስትል፣ ማግባቱን ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሰማች።

ባለፈው ሚያዝያ የኖላዊ አባት አረፉ። ሜይፌር ለቅሶ ልትደርስ ሄደች። ውኃ ያቀረበችላት ነፍሰ ጡር ወጣት ነበረች። «ሊሊ እባላለሁ፣ የኖላዊ ባለቤት ነኝ» አለቻት በደግ ፊት። የሻሽወርቅ ውኃውን ጠጥታ ተነሣች። ኖላዊ እስከ በሩ ሸኛት።

«ነፍሳቸውን ይማር።»

«ያኑርሽ።»

ሁለቱም መሬት መሬት አዩ።

«ያን እሑድ ‹አታስፈልጊም› ያልከኝ መስሎኝ ነበር» አለችው።

ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ ደግሞ ሥራሽን ከእኔ አስበልጠሽ ነው ብዬ ነበር።» ቀጠለ። «ሱቅ የመጣሁ ጊዜ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርሽ።»

«በምን አወቅክ?»

«ጫማሽ ይታይ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጠራኸኝም?»

«ራስሽ እስክትወጪ ጠበቅኩ። ዳቦ የገዛሁትም ጊዜ ለማግኘት ነው።» ዓይኑ እንባ ሞላ። «አንድ ጊዜ ብጠራሽ ምን ነበረበት?»

«አንድ እርምጃ ብወጣስ» አለች እሷ።

ከውስጥ የሊሊ ድምፅ መጣ። «ኖላዬ፣ ቄሱ መጥተዋል።»

«ግባ» አለችው የሻሽወርቅ። «ጽናቱን ይስጣችሁ። ልጁንም በሰላም ያሳያችሁ።»

«አሜን» አለ። ሊገባ ዞሮ ቆመ፤ ፊቱን ወደ እሷ ሳይመልስ ገባ።

መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ እስኪወጣላት አለቀሰች። ካትሌሆንግ ስትደርስ ገና አሥራ አንድ ሰዓት አልሞላም፤ አቶ ስዩም ዕቃ ይደረድሩ ነበር።

«ለቅሶው እንዴት ነበር?»

«ደህና ነው አባዬ። ብዙ ሰው ነበር።»

አባቷ ፊቷን አዩት። የሱቁን በር ዘጉና ከአጠገቧ ሣጥን ስበው ተቀመጡ። ደንበኞች መጥተው በሩን ቢያንኳኩም አልተነሡም።