ከስፌት መኪናው ጀርባ

ልብስ ሰፊው ከእናቱ ጋር ሊያስተዋውቃት ምሳ የጋበዛት ዕለት፣ ገና ሳትቀመጥ ግድግዳውን አየችው።

ከጣሪያው የተነሳ ስንጥቅ ከስፌት መኪናው ጀርባ ይወርዳል፤ ጣት ያስገባል። ግድግዳው ራሱ ሆዱን ወደ ውስጥ ነፍቷል።

«ምነው ልጄ፣ ቤታችን ጠበበሽ?» አሉ እናቱ እየሳቁ።

«ኧረ በጭራሽ፣ እማማ።»

የማዘጋጃ ቤት የሕንፃ ተቆጣጣሪ ናት። የሚያሰጋ ቤት ስታገኝ ነዋሪዎቹን ወዲያው ማስወጣት ሥራዋ ነው። ልብስ ሰፊውን ያወቀችውም በዚሁ ሥራ ሰበብ ነበር፤ የብረት ሜትሯ የቀደደውን የጃኬት ኪስ ልታስጠግን ገብታ።

«ድንጋይ ነው እንዴ የምትይዢበት?» ብሎ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ከዚያ ወዲህ ጤነኛ ኪሷን ሁሉ በገዛ እጇ እየተረተረች ትወስድለት ጀመር።

ምሳውን እየበላች ስንጥቁን ሰረቅ አድርጋ ታያለች። ብትናገር እናትና ልጅ ሜዳ ላይ መውደቃቸው ነው፤ እሱ የሚሠራውም እዚያችው ክፍል ውስጥ ነው። ስለ ግድግዳው ሳታነሳ ምሳዋን ጨረሰች። ሲሸኛት «እናቴ ወደደችሽ» አላት።

ሌሊቱን ዝናብ ጣለ። እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ነጋ፤ በማለዳ በራቸውን አንኳኳች።

ሲከፍትላት ፊቱ በራ። በእጇ የያዘችውን ቀይ ማስታወቂያ ሲያይ ግን ፈገግታው ጠፋ።

«ትናንት እንግዳ፣ ዛሬ ማዘጋጃ ቤት ሆነሽ መጣሽ?»

«አሁኑኑ ውጡ። ግድግዳው አያስተማምንም። ማረፊያ ክፍል ይዤላችኋለሁ።»

«ሌላ ተቆጣጣሪ ጠፋ? የግድ አንቺ?»

«ሌላ ሰው እስኪመጣ ቢወድቅስ?»

«እሺ፣ መኪናዬን ላውጣ።» ሊመለስ ሲል እጅጌውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘችው። እጆቿን አየና ቆመ።

እናቱ ሹራባቸውን እየደረቡ ወጡ። «ምራቴን ስጠብቅ አስወጪ መጣችብኝ» አሉ። ከዚያ ትክ ብለው አዩዋት። «የማታውቂው ሰው ቤት ቢሆን ምን ታደርጊ ነበር?»

«ያኔውኑ አስወጣ ነበር።»

«ታዲያ እኛን ለምን አሳደርሽን?»

እንባዋ ቀደማት። «እንዳይጠሉኝ ፈርቼ።»

አሮጊቷ ሹራባቸውን ሰበሰቡ። «ሁለተኛ እኔን ፈርተሽ ዝም እንዳትዪ» አሉ። «ነግረሽኝ ልቀየምሽ፤ ቅያሜዬ እንደ ግድግዳ ሰው ላይ አይወድቅም።» ከደጃፉም ቀድመው ወረዱ።

ከሰዓት በኋላ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች ግድግዳውን በእንጨት ከደገፉ በኋላ መኪናውን አወጡት። ወደ ማረፊያው ሲያጓጉዙ በአንዱ ጫፍ እሱ፣ በሌላው እሷ ያዙ።

መኪናውን ካሳረፉ በኋላ ወደ ጃኬቷ አየ። «ኪስሽ ተቀዷል።»

«ይኼኛው የእውነት ነው» አለች አቀርቅራ።

የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «የበፊቶቹንማ በምላጭ እንደተረተርሻቸው ክሩ ይናገር ነበር። በይ አውልቂው።»

አውልቃ ሰጠችውና እናቱ አጠገብ ተቀመጠች።