የአተር ዝናር

ደብረወርቅን ያገኘኋት በንክሻ ነው። የነከሰችኝ ግን እሷ አይደለችም፤ የሟች እኅቷ ልጅ ሐረግ ናት።

ዘመኑ ሰባ አራት ነው። እኔ ፈንታሁን መካነ ሰላም ገበያ ዳር፣ ከቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ፊት ለፊት፣ የስፌት መኪናዬን ተክዬ ልብስ እሰፋለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ተቆርጧል። የተቆረጠውም የመምህሩን ወንበር እግር በመጋዝ ገዝግዤ፣ ሊቀመጥ ሲል እንዲወድቅ ስለተውኩት ነው። በውሸት ግን ዩኒቨርሲቲ ጨርሻለሁ።

ያን ቀን አብዮት ጠባቂዎቹ ሕዝቡን ለስብሰባ ሊጠሩ እንደ ደወል የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ በብረት ይደበድቡታል። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ጆሮዎቿን በሁለት እጇ ደፍና ከመዋዕለ ሕፃናቱ ተወርውራ ወጣች። ግንባሯን ከግንቡ ጋር አላተመችው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደም። ከዚያ ሱቄ ገብታ፣ ጠርዛቸው እንዲሰፋ የተከመሩት የሱፍ ባናዎች ሥር ተቀበረች። ላወጣት እጄን ብሰድ አውራ ጣቴን እስከ አጥንቱ ነከሰችው።

«አትንካት!» አለች አንዲት ሴት እየሮጠች ገብታ።

«እሷ ናት እንጂ የነካችኝ! ጣቴን እይው።»

«ጣትህ ይድናል። ባናውን እንዳታነሳባት። ክብደት ሲጫናት ትረጋለች።»

እውነትም ጩኸቱ ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ ጠፋ። ሴትዮዋ መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ ከባናው ክምር በላይ አየችኝ። እኔም አየኋት። የሰፈሩ ቸርኬ ሁሉ ቢደበደብ አልሰማም ነበር።

«ጣቴ ካልዳነ ግን ታገቢኛለሽ» አልኳት።

«ፈንታሁን ማለት አንተ ነህ? ውሸታሙ?»

«ውሸት ነው። ፈንታሁን ሌላ ሰው ነው።»

ሳቋን ልትይዘው ሞከረች፤ አመለጣት።

የመዋዕለ ሕፃናቱ አስተማሪ ናት። አባቷ መሪጌታ ተክለ ሃይማኖት ልጅቷ ጋኔን ይዟታል ብለው ቤት ውስጥ ከምሰሶ ጋር በጠፍር ያስሯት ነበር፤ የእጅ አንጓዋ ላይ ጠባሳው ይታያል። ደብረወርቅ ለምና አስፈታቻት። የዚያን ዕለት ደሙን ሲያዩም መሪጌታ አስጠነቀቋት፦ ልጅቷ ዳግመኛ ግንባሯን አላትማ ደምታ ከመጣች፣ ጠበል ቦታ ወስደው በሰንሰለት አስረው ይመለሳሉ።

«እኔን የሚያገባ ሰው እሷንም ያገባል» አለችኝ በሌላ ቀን፣ ዓይኗን ከመርፌዬ ሳትነቅል። «አየህ? ለዚህ ነው ማንም የማያገባኝ።»

ዛሬ ኦቲዝም የሚባል ስም አለው ይላሉ። ያኔ ስሙ ጋኔን፣ መድኃኒቱም አለንጋ ነበር። ደብረወርቅ ደሴ ለአጭር ሥልጠና ሄዳ፣ ጆሯቸው ከልክ በላይ የሚሰማ፣ ቆዳቸው ከልክ በላይ የሚያውቅ ልጆች አሉ ሲባል ሰምታለች። ሌላው ሁሉ ከገዛ ጭንቅላቷ ነው።

እሷ እያሰበች እኔ ሰፋሁ። ከወፍራም ካኪ አሥራ ስድስት ኪስ ያለው፣ የጥይት ዝናር የሚመስል ሰደርያ ሠራሁ፤ ደብረወርቅ ኪሶቹን በአተር ሞላቻቸው። ሐረግ ስትለብሰው ደረትና ጀርባዋን አቅፎ ይይዛታል። ቸርኬው ሲመታ የሚደፋ፣ ጆሮ የሚሸፍን የበግ ለምድ ቆብ ሠራሁላት። ከፈይ፣ ጆንያና የለምድ ቁራጭ በአንድ ሰሌዳ ላይ ሰፋሁ፤ በጣቷ ስትዳስሰው ትውላለች። ከመዋዕለ ሕፃናቱ ጣሪያ ተራዳ ላይ የጆንያ ዥዋዥዌ ሰቀልን፤ ገብታበት እንደ ሙዝ በልጣጩ ትጠቀለላለች። ሌሎች ሁለት የማይናገሩ ልጆችም ወረፋ ያዙ።

ጥጉን በጆንያ መጋረጃ ከለልነው። ደብረወርቅ «ማረፊያ» ብላ ልትጽፍበት ነበር። እኔ ነገረኛው ቀድሜ በቀይ ቀለም «የጸጥታ ክፍል» ብዬ ጻፍኩበት።

«አንተ ሰው፣ ልታስገድለን ነው? ቀበሌው ውስጥ የጸጥታ ክፍል አለ እኮ!»

«ያኛው ሰው ያስጮሃል፤ ይኼኛው ዝም ያሰኛል። የቱ ነው ስሙ የሚገባው?»

በመጥረጊያ ጀርባዬን አለችኝ። ግን እየሳቀች ስለነበር ጽሑፉን አላጠፋችውም። አርባ ቀን የሐረግ ግንባር አልደማም። አርባውን ቀን ሁሉ ሱቄን ዘግቼ ዥዋዥዌ ስገፋ ዋልኩ። አንዳንዴ እጃችን ገመዱ ላይ ይገናኛል፤ ሁለታችንም እንዳላየ ሰው ገመዱን እንይዘዋለን።

ከዚያ ምላሴ አበደ።

በይርገዱ ጠላ ቤት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሦስተኛውን ጣሳ ጨርሼ ተነሳሁ። «ዝናር ሰፍቻለሁ!» አልኩ። «ጦሩ ከመካነ ሰላም ተነስቶ ምሳ ሳይደርስ መቅደላን ይይዛል! አዛዡ ቁመቱ ክንድ ከስንዝር ነው፤ ሲነክስ ግን ታንክ ይበሳል! ወላሂ፣ ጣቴን እዩት!»

ጠላ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም፤ ሂሳቡን ዘግቶ ወጣ።

በማግስቱ የአብዮት ጥበቃው አዛዥ አምባቸው አምስት ታጣቂ አስከትሎ የመዋዕለ ሕፃናቱን በር በእግሩ ገነጠለው። ሕፃናቱ ጮኹ። መጋረጃውን ቀደዱት፤ ዥዋዥዌውን በሳንጃ ቆረጡት። አምባቸው ጽሑፉ ፊት ቆሞ ፊደል ቆጠረ።

«የ... ጸ... ጥ... ታ... ክፍል። በዚህ ቀበሌ የጸጥታ ክፍል እኔ ነኝ! ይኼን ማን አቋቋመው?»

«ጓድ፣ ልጆቹ ዝም የሚሉበት ቦታ...» አለች ደብረወርቅ።

በሰደፍ አፏን መታት። ጥርሷ ከንፈሯን በስቶ ወጣ። ከሱቄ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ሁለት ታጣቂ ጥዬ ገብቻለሁ ብል ከውሸቶቼ አንዱ ነው። ጉልበታቸው ሥር ወድቄ ነው የገባሁት።

«ዝናሩ የኔ ነው! ጽሑፉም የኔ ነው! እሷ ምንም አታውቅም!»

«ይኼ ውሸታም ዛሬ እውነት ተናገረ» አለ አምባቸው።

ቀበሌው ውስጥ ወፌ ላላ ሰቀሉኝ። እጄ ከጉልበቴ ሥር ታስሮ፣ ዱላ መሐል ገብቶ፣ በሁለት ጠረጴዛ መካከል ቁልቁል ተንጠልጥዬ ውስጥ እግሬን ይገርፉኛል።

«ለማን ነው የሰፋኸው?»

«ለአራት ዓመት ልጅ።»

ጧ!

«ውስጡ ምን ነበር?»

«አተር።»

ጧ! ጧ!

«ጥይቱን የት አደረስከው? ለወንበዴ አቀበልከው?»

ሦስት ሺህ ጥይት ብዬ ብነግረው አምባቸው ያምነኝ ነበር። ተራራ በአህያ አስጭኜ ደጎሎ ከተማ አደረስኩ ብዬ ብነግረውም ያምነኝ ነበር። ነገር ግን አሁን ውሸቱ የሚያርፍበትን አየሁ፤ የሚያርፈው ደብረወርቅ ላይ ነው። እንግዲህ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ላይ ሙጭጭ አልኩ። አተር አልኩ። የግራ እግሬ አጥንት ሲሰበር ሰማሁት፤ አሁንም አተር አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ደብረወርቅ እኔ ወዳለሁበት ክፍል መጣች። ከንፈሯ አብጧል፤ ሐረግን አዝላለች። ከፊቷ መሪጌታ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ይራመዳሉ።

«አተሩ ከኔ ጎታ የወጣ ነው» አሉ መሪጌታ። «ልጄ ሳታስፈቅደኝ ወሰደችው። ጥፋት ካለ እኔን ግረፉኝ።»

«አንተ ደብተራ፣ ማን ጠራህ?» አምባቸው ጥምጥማቸውን በጥፊ አወረደው። ሽማግሌው ወደቁ።

ልክ ያኔ ደጅ ላይ ቸርኬው ተደበደበ። ሐረግ ከደብረወርቅ ጀርባ ተስፈንጥራ ሲሚንቶው ላይ ወደቀችና ግንባሯን ታላትመው ጀመር። ደሙ ወለሉ ላይ ተረጨ። ጩኸቷ ቤቱን ሞላው።

«ዝም አስብሏት!» አምባቸው አለንጋውን አነሳ።

ደብረወርቅ ጠረጴዛው ላይ ለማስረጃ ወደተቀመጠው ዝናር እጇን ሰደደች። ሦስት ጠመንጃ ተቀባበለ። ቀና ብላም አላየቻቸው። አንስታ፣ ተንበርክካ፣ ልጅቷን አለበሰቻትና የዝናሩን ማሰሪያ ሳበችው።

«አብሽሪ የኔ እናት፣ አብሽሪ...»

ጩኸቱ ሲቃ ሆነ፤ ሲቃው ትንፋሽ ሆነ። ሐረግ በደረቷ ተኝታ የኪሱን ጠርዝ በጣቷ ማሸት ጀመረች።

«ጓድ» አለ አንዱ ታጣቂ በሹክሹክታ፣ «ጸጥ አለች እኮ።»

አምባቸው በሳንጃው ጫፍ አንዱን ኪስ ቀደደ። አተሩ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ። ሐረግ አንድ አንድ እያነሳች፣ በጫማው አፍንጫ ዙሪያ፣ እኩል እኩል አድርጋ ደረደረችው። ጨርሳ እስክትነሳ እግሩን አላንቀሳቀሰም።

«ፍቱት» አለ በመጨረሻ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ። «ያንን ጽሑፍ አጥፉ። ሂዱ ከፊቴ!»

ደጅ ላይ፣ በሁለት ሰው ተደግፌ፣ ለደብረወርቅ ነገርኳት። «በጠላ ቤት ያወራሁት እኔ ነኝ።»

በጥፊ መታችኝ። ከአለንጋው ሁሉ ያመመኝ ያ ነው። ከዚያ አንዱን ደጋፊ ገፍታ፣ ክንዴን አንስታ፣ በትከሻዋ ላይ አሳረፈችው። እስከ ቤቴ ክንዴን አላወረደችም።

ሦስት ሳምንት ጠፋች። እግሬ ሲጠግን ጠምሞ ጠገነ፤ መርገጥ እምቢ አለ። መኪናዬን ልሸጥ ሳስብ መሪጌታ ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ሐረግን በእጃቸው ይዘዋል። የእጅ አንጓዋ ላይ ጠፍርም ሰንሰለትም የለም።

«ይኼ ነገር ጠቧታል» አሉ፣ ዝናሩን እያሳዩኝ። «ባለ ሃያ ኪስ አድርገህ ስፋላት።»

«እግሬ አይረግጥም፣ መሪጌታ።»

«የምትረግጥ አምጥቻለሁ። ሽማግሌ ከመላክ ግን አትድንም። ውሸት የማያውቁ ሦስት ሰዎች ፈልግ፤ አንተ እንዳትናገር።»

ደብረወርቅ ከኋላቸው ወጥታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ አጠገቤ ጠባቧ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ትከሻችን ተነካካ። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ፔዳሉ ላይ አሳረፈች፤ መኪናው ዘለለ።

«ቀስ በይ፣ ክሩ ይበጠሳል!»

«አንተ ጨርቁን ያዝ» አለችኝ፣ ከንፈሯ ላይ ገና ያልጠፋው ጠባሳ እየሳቀ። «እግሩ የኔ ነው።»